የሲጊማር ፀጉር

የካቲት 12
ቅዳሜ። የአሥራ አራት መነኩሴ ራስ የምላጭበት ቀን። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት የአባ ባዞን ራስ አደማሁት። “ምን በደልኩህ?” አለኝ።
መጨረሻ ላይ ሲጊማር ተቀመጠ። የንጉሥ ወንድም ነው። ወንድሙ በነገሠ በዓመቱ በመርዝ ሞተ፤ እሱን ላጭተው ወደኛ አመጡት። እኛ ፍራንኮች ፀጉሩን ያላስረዘመ አናነግሥም። ስድስት ዓመት ሙሉ ምላጬ ከዙፋን አራቀው፤ በሕይወትም አቆየው።
ዛሬ ትኩሳት ይዞታል። “አባ፣ ጆሮዬን በረደኝ። እስከ ፋሲካ ብትተወኝ?” አለኝ። ተውኩት። ምን አለበት?

የካቲት 26
ዛሬም ተውኩት። ድኗል እኮ... አሳዘነኝ።

መጋቢት 20
ጨው የሚያመጣልን ነጋዴ በር ላይ ሲጊማርን ያለ ቆቡ አየው። ያ ፀጉራም ማነው ብሎ ጠየቀኝ። ስሙን ነገርኩት። ምን አስቸኮለኝ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ...

ሚያዝያ 2
ከሲጊማር ወንድም በኋላ የነገሠው ንጉሥ ሞተ፤ ልጅ የለውም። መስፍን ዋራሞድ እንደፈለገ የሚነዳው የንጉሥ ዘር ይፈልጋል። ወሬውን ጨው ነጋዴው አድርሶለታል። ነገ እዚህ ነው።
ሲጊማር ከጸሎት በኋላ መጣ፤ ከንፈሩ ደርቋል። “ላጨኝ አባ። ወንድሜ ያስታወከውን ደም በእጄ ነው የተቀበልኩት።”
ላጨሁት።

ሚያዝያ 3
መስፍኑ መጣ። የተላጨውን ራስ አየ። አልተቆጣም። ዓሣውን በላ፤ ለአበምኔቱም ለቅዱሳን ዐፅም የሚሆን የብር ሣጥን ቃል ገባ። አበምኔቱ ወይን ቀዳለት። ከዚያ መስፍኑ ወደኔ ዞረና “ምላጭህን አምጣ” አለ። “ፀጉር እንደሆነ ይበቅላል። እኛም አንቸኩልም።”
አራት ወታደር ትቶ ሄደ።

ሰኔ 8
ምላጭ የለም። ሁላችንም ጎፈርን። አባ ባዞ “እንግዲህ ሁላችንም ልንነግሥ ነው” አለ።
ወታደሮቹ በየሳምንቱ የሲጊማርን ፀጉር በጣት ይለካሉ። እሱ ምግብ ቀንሷል። ፀጉሩ ግን ምን ገዶት፣ ያድጋል። እኔ ነኝ ይህን ጣጣ ያመጣሁበት። ለማን ልናዘዝ? ለአበምኔቱ?

መስከረም 5
ወሰዱት። ጆሮው ተሸፍኗል፤ በቃን አሉ።
ፈረሱ ላይ ሳይወጣ ወደኔ መጣና እንደ ቅዳሜ ልማዱ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። ባዶ እጄን ጫንኩበት። ይቅር በለኝ በማለት ፈንታ ፀጉሩን በጆሮው ላይ አስተካከልኩለት።
“አሁን እንኳ ጆሮዬን አይበርደኝም አባ” አለኝ።

መስከረም 7
ቅዳሜ። ምላጬን መለሱልኝ። አሥራ ሦስት ራስ ላጨሁ። ስጨርስ ምላጩን እንደገና ሳልኩት። አባ ባዞ “ማን ቀረህ?” አለኝ።