“እንዳይጣል” ብዬ የጻፍኩባቸው ካርቶኖች

ኢየሩሳሌም፣ ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት

ውድ መምህሬ ፕሮፌሰር ኤልያኪም፣

ይህን ደብዳቤ እንደማያነቡት አውቃለሁ። ስትሮኩ ንግግርዎን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ይዞብዎት ሄዷል። ባለፈው ወር ጋዜጣ ባመጣልዎ ዘቅዝቀው ያዙት፤ ብዙ ካዩት በኋላ ቀስ አድርገው ጭንዎ ላይ አስቀመጡት። ስድስት የሞቱ ቋንቋዎች ያነቡ የነበሩ ሰው! ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

ታዲያ ለማያነብ ሰው ምን ያጽፍሃል ቢሉኝ፣ ፊትዎ ስቀመጥ ምላሴ ስለሚታሰር ነው። ባለፈው ሐሙስ ግማሹን ነግሬዎታለሁ። ግማሹን ግን ዋጥኩት፤ የዋጥኩት ደግሞ የራሴ ጥፋት ያለበትን ነው። በዚያ ምክንያት አሁን ሌላ ሰው የእኔን ዕዳ ተሸክሞ ያለቅሳል። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያዋን ቀን ያስታውሷታል? ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ያ መስኮቱ የማይዘጋው ክፍል። የአንድ አሮጌ ብራና ፎቶግራፍ ሰጥተውኝ “አንብብ” አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ጥቅስ ነበርና ደረቴን ነፍቼ አነበነብኩት። እርስዎ በጣትዎ ጠረጴዛውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉ።

“ማነው ስምህ?”

“ኤልዳድ።”

“ኤልዳድ፣ የተጻፈውን አንብብልኝ እንጂ የምታውቀውን አትንገረኝ። የምታውቀውን እኔም አውቀዋለሁ።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ዝቅ ብዬ ፎቶውን ሳየው እውነትም ገልባጩ አንድ ቃል ዘሎ ነበር። የማውቀው ነገር ዓይኔን ሸፍኖት ነው ያላየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርስዎ ሆንኩ ማለት ይቻላል። ሚስቴ ያገባሁህ አንተን ነው ወይስ ሁለታችሁን እያለች የምትቀልደው ዝም ብላ አይደለም።

ከዚያ ቤትዎ ወስደው ካርዶቹን አሳዩኝ። ከፎቅዎ ሥር ካለው ጫማ ሻጭ በለመኗቸው ካርቶኖች፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። ሦስት ምዕራፍ ብቻ ላላት ለአንዲት የነቢይ መጽሐፍ፣ እስከ ሕመምዎ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት! በዓለም ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ሁሉ ቃል በቃል አስተያይተው፣ የቱ ገልባጭ የት እንደተሳሳተ፣ የት እንደተኛ፣ የት ሆን ብሎ እንዳለሳለሰ በካርድ ላይ አስፍረዋል። ገልባጮቹን እንደ ጎረቤት ነበር የሚያውቋቸው። አንዱ “ሽማግሌው” ነው፣ አንዱ “ቸኳዩ”፣ መስመር የሚዘለው ደግሞ “ሰካራሙ”። አንድ ካርድ በሦስት የተለያዩ ቀናት ታይቶ ስህተት ካልተገኘበት በመቀስ ጥጉን ይቆርጡታል። ጥጉ ያልተቆረጠ ካርድ እርስዎ ዘንድ እንዳልተጻፈ ነው።

“በስልኬ ፎቶ ላንሳቸው፣ አንድ ቀን እሳት ቢነሳስ?” ብዬ ስንቴ ለመንኩዎት!

“ስጨርስ ታነሳለህ። ያልበሰለ ምግብ ለእንግዳ አይቀርብም።”

“መቼ ይጨርሳሉ?”

“አንተ ጥያቄ ስታቆም።”

ቆረጥናቸው፣ ቆረጥናቸው፤ አሥራ አንድ ሺህ ገደማ ደረሱ። ከዚያ በብርዱ ወራት አጋማሽ እርስዎ ሻይ ሊያፈሉ ተነስተው ወደቁ።

ወደ መጦሪያው ከገቡ በኋላ የቤቱ ባለቤት ከፋሲካ በፊት እንዲለቀቅለት ፈለገ። ዕቃውን የሚያወጡት እህትዎ እትዬ ጊትል ነበሩ። እርስዎና እሳቸው ለስልሳ ዓመት ስትነታረኩ እኔ የደረስኩት ለመጨረሻው ሃያ ስድስት ነው። “ወንድሜ እግዜርን በካርድ ያጠናዋል፤ እኔ ግን በጸሎት አገኘዋለሁ፤ ማን ቶሎ እንደሚደርስ እናያለን” ይሉ ነበር፣ አርብ አርብ ሾርባ ይዘውልዎ ሲመጡ። እርስዎም እየጠጡ “ሾርባሽ ከጸሎትሽ ይሻላል” ይሏቸው ነበር።

የሚቀጥለው የዋጥኩት ነው።

እሑድ ዕለት ካርቶኖቹን በታክሲ ላመጣቸው እችል ነበር። አላመጣሁም። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ወገቤን ያመኛል፣ ሐሙስ አደርገዋለሁ አልኩ። ሰበቤ ይኸው ነው፤ ሲጻፍ እንዴት ያሳፍራል! ብቻ የባለቤቱ ሠራተኞች ቆሻሻ መስሏቸው እንዳይጥሉት ፈራሁና ቀይ ማርከር አውጥቼ በአርባ ሁለቱም ካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ “የእግዚአብሔር ስም አለበት። እንዳይጣል።” ውሸት አይደለም፤ የነቢዩ ቃል የተገለበጠበት ካርድ ሁሉ ስሙ አለበት። እንዲያውም በዘዴዬ ኮራሁ። አምላክ የለሽ የሚባለው ሠራተኛ እንኳ ይህን ካነበበ አይነካውም ብዬ እያፏጨሁ ወጣሁ።

እርስዎ ቤት እግዚአብሔር ይኑር አይኑር ስንት ክርክር ሰምቻለሁ። ስሙ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ለብቻ እያጠራቀሙ መንገድ ዳር ያለው የግኒዛ ሳጥን ውስጥ ይከቱት ነበር፤ ከዚያ ተሰብስቦ መቃብር ቦታ እንደ ሰው ይቀበራል። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ የጻፍኩት። እኔ ያሰብኩት መጣልን ብቻ ነበር። መቀበርን አላሰብኩም።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ጊትል ደወሉ፤ ድምፃቸው የሠርግ ድምፅ ነበር።

“ኤልዳድ፣ ልጄ፣ አደራህን ተወጣሁልህ!”

“የምን አደራ፣ እትዬ?”

“የካርቶኖቹን ነዋ! አርባ ሁለቱንም። የልጅ ልጆቼ እሑድ ማታ እየተቀባበሉ አወረዱት። አንዲት ቅዳጅ መሬት አልወደቀችም፣ እኔው ደረጃው ላይ ቆሜ።”

“የት ነው ያወረዱት?”

“ግኒዛ ነዋ! የት ይሆናል ታዲያ? ስሙ አለበት፣ እንዳይጣል ብለህ ጽፈህ የለ? አንተ ባትጽፍልኝ እኮ እኔ የጫማ ካርቶን ብዬ ለቆሻሻ ልሰጠው ነበር። እግዜር ይስጥህ፣ ከኃጢአት አዳንከኝ።”

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳጥኑ ሮጥኩ።

ሳጥኑ ባዶ ነበር። ከፋሲካ በፊት አገሩ ሁሉ ቤቱን ያራግፋል፤ ሳጥኖቹ ሞልተው ስለሚፈሱ በየቀኑ ይነሳሉ። መቃብር ቦታው ስደርስ ይሩሐም የሚባል ጢሙ የሸበተ ቀባሪ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ አገኘሁት።

“የጫማ ካርቶን? በቀይ የተጻፈበት? እንዴት አላስታውስ!” አለ ደስ ብሎት። “ሰው እኮ የጸሎት መጽሐፉን ከማስቲካ ልጣጭ ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያመጣብን። ይሄ ግን የተማረ ሰው ነው አልኩ።”

“የት አሉ?”

በአገጩ አሳየኝ። ሰፊ ሲሚንቶ። ማክሰኞ ነው የተዘጋው። ገና እርጥብ ሳለ ድመት ተራምዳበት ዳናዋ ታትሟል።

“አውጣልኝ፣ በናትህ።”

“ወንድሜ፣ እኔ የምቀብር ነኝ። የሚያስነሳው ሌላ ነው።”

“የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ ነው እኮ!”

ይሄኔ የሱፍ ፍሬውን ኪሱ ከተተ። “ስማኝ፣ እዚህ ሥር ስንት ሺህ ጆንያ እንዳለ ታውቃለህ? የትኛው ጥግ እንደገባ እኔ ራሴ አላውቅም። ደግሞ እዚህ የገባ የማን ዕድሜ ያላረፈበት አለ?” አለኝና ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ውሃ ሰጠኝ። መልኬ ሳያስፈራው አልቀረም።

ይቆፈር እንደሆነ ሁለት ረቢዎች ጠየቅኩ። አንዱ አይሆንም አለኝ፤ ሌላው አይሆንም ብሎ አዘነልኝ። ድመቷ የረገጠችበት ቦታ ላይ ለምን ያህል ጊዜ ቆሜ እንደነበር አላውቅም። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ እጄን አጣጥፌ የቆምኩበት ጊዜ የለም።

ከዚያ መዋሸት ጀመርኩ። እርስዎ በደህናው በግራ እጅዎ አየር ላይ አራት ማዕዘን እየሳሉ ስለ ካርቶኖቹ ሲጠይቁኝ “እኔ ቤት ናቸው፣ አይስጉ” አልኩ። ጉልበቴን መታ መታ አደረጉልኝ፣ ጎሽ ማለትዎ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎሽ አሉኝ። በመጨረሻ በዓይንዎ አምጣልኝ ማለት ሲጀምሩ፣ ከዚያው ጫማ ሻጭ ካርቶን ለምኜ፣ ባዶ ካርድ ገዝቼ ሞላሁት። ማንበብ ስለማይችሉ አያውቁም አልኩ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

ባለፈው ሐሙስ ጭንዎ ላይ ሳስቀምጠው አውራ ጣትዎ በቀጥታ ወደ ካርዱ ጥግ ሄደ። አልተቆረጠም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አሥረኛው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

“ተቀብረዋል፣ መምህር” አልኩ። “እትዬ ጊትል ግኒዛ ውስጥ ከተቷቸው።”

እንዲህ ብዬ አቆምኩ። ቀዩን ማርከር አላነሳሁም። ዓይንዎን ጨፈኑ፤ ከግራ ዓይንዎ ብቻ እንባ ወረደ።

የምይዝ የምጨብጠው ጠፍቶኝ ባዶ ካርድ አነሳሁና እንደተጻፈበት ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። “ምዕራፍ ሁለት፣ ቁጥር አራት። ሽማግሌው ሙሉውን ይጽፋል። ሰካራሙ አንድ ቃል ይዘላል።”

ጣትዎ የካርቶኑን ክዳን ሁለቴ መታ። ኳ ኳ።

“ተሳሳትኩ? ሰካራሙ አይደለም?”

ኳ ኳ።

“ቸኳዩ ነው የዘለለው?”

ጣትዎ ዝም አለ። መምህሬ፣ ያኔ ገባኝ! ካርዶቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ፤ በጭንቅላትዎ ውስጥ ተሰድረው። ጻፍኩት። በሁለት ጣትዎ መቀስ ሠርተው አሳዩኝ፤ መቀስ አልያዝኩም ነበር። በሁለት ሰዓት አራት ካርድ ጻፍን። አምስተኛው ላይ የማውቀውን ገልባጭ ሁሉ ስም ጠራሁ፤ ጣትዎ ግን ኳ ኳ፣ ኳ ኳ ይላል። አይደለም የሚለውን ያውቃሉ፤ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ግን ሊነግሩኝ አይችሉም። ድምፅ ለማውጣት ታገሉ፣ ፊትዎ ቀላ፣ አስታማሚዋ መጥታ በቃ አለችኝ። አሥራ አንድ ሺህ ካርድ፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው። ይህን ሂሳብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በማግስቱ አርብ እትዬ ጊትል በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ሦስት አውቶቡስ ቀያይረው ሾርባ ይዘው መጡ። እርስዎ ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዞሩባቸው። ሾርባው እንደተከደነ ቀዘቀዘ። አስፋልቱ ዳር ሆነው ደወሉልኝ፦ “ኤልዳድ፣ ምን በደልኩት? ስሙን ከመሬት አነሳሁለት እንጂ ምን አደረግኩ? ያለኝ እኮ እሱ ብቻ ነው።” እኔም “ሕመሙ ነው እትዬ፣ አይክፋዎት” አልኳቸው። ይኸው እንደገና ዋሸሁ።

እህትዎ ያደረጉት የተጻፈውን ማንበብ ብቻ ነው። በቀይ፣ በትልልቁ፣ አርባ ሁለት ጊዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወገቤን ብዬ በታክሲ ያልጫንኩትም እኔ ነኝ። ፊትዎ መዞር ካለበት ከእኔ ይዙር።

ሐሙስ እመጣለሁ። እትዬ ጊትልንም ለምኛቸዋለሁ፣ አጠገባችን ይቀመጣሉ። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብዬ አነብልዎታለሁ፤ አንድም መስመር አልዘልም። መጨረሻው ላይ ጣትዎ ኳ ኳ ቢል፣ ውጣ ማለትዎ ከሆነ እወጣለሁ፣ እሳቸው ግን ከነሾርባቸው ይቆያሉ። ዝም ካሉ ደግሞ አምስተኛው ካርድ ይጠብቀናል። ምን እንደምጽፍበት እስካሁን አላውቅም።

መቀሱን ኪሴ ከትቼዋለሁ።

የማይረባው ተማሪዎ፣
ኤልዳድ