ፕሬበን በአውቶቡስ ይመጣል

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7
ከኮፐንሃገን ተነስተን ግሪክ፣ ጀልባ ማቆያው ግቢ ደረስን። ጀልባችን እንደተውናት በእንጨት ተደግፋ ቆማለች። ክረምቱን ሙሉ የግሪክን አቧራ ጠጥታ ቀልታለች። ባሌ ፕሬበን ዞሮ ዞሮ አያትና «ደህና ናት» አለ። ዲሴምበር ላይ ልቡን በቀዶ ሕክምና ከታከመ ወዲህ ሐኪሙ ከባድ ነገር ማንሳትና መሰላል መውጣት ከልክሎታል። ስለዚህ የፕላስቲክ ወንበር ፈልጎ ከሥሯ ተቀመጠ። እኔ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት የሚወጣው እሱ ነበር... እኔ ከታች ሆኜ ማቀበል ነበር ሥራዬ። አሁን ተገላበጠ። ልዩነቱ፣ እኔ ሳቀብል ምክር አልሰጥም ነበር።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9
የጀልባዋን ሆድ ስፍቅ ዋልኩ። ዛጎል እንዳይለጠፍባት የተቀባችው አሮጌ ሰማያዊ ቀለም እንደ ዱቄት ይረግፋል። ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ ጥርሴ ሳይቀር ሰማያዊ።
«እዚያ ጋ ዘለልሽ» ይላል ፕሬበን።
«የት?»
«ከጆሮሽ በላይ።»
«ጆሮዬ አብሮኝ ይሄዳል እኮ።»
ስታማቲስ መጣ። የግቢው ባለቤት ነው፤ ጀልባ የሚያነሳውን ክሬንም የሚነዳው እሱ። አየኝና «ወይዘሮ ሪግሞር፣ የምትቀባው ጀልባዋ ነበረች» አለ። ጾም ላይ ስለሆነ አልሳቀም። የሚመጣው ረቡዕ ውሃ ላይ ያወርዳታል። ያ ካለፈ ስቅለት ነው፣ ፋሲካ ነው... እስከ ወሩ መጨረሻ ክሬኑን የሚነካ የለም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11
ዝናብ። ካርታ ተጫወትን። ያጭበረብራል። ድኗል ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12
ለሞተሩ ማቀዝቀዣ የባሕር ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ አረንጓዴ ሆኗል። ከውስጥ ጮህኩ፦
«ፕሬበን፣ ይሄን ቫልቭ ልነካው?»
«ተዪው! እስከ ዛሬ ምን ሆነ?»
ነካሁት። እንደ ብስኩት ተቆርሶ እጄ ላይ ቀረ። በቀዳዳው ቁልቁል ሳይ የፕሬበን ጫማ ታየኝ። ክሩ ተፈትቷል።
«ጫማህን እሰር።»
«በየት አየሽው?»
ጣቴን በቀዳዳው አሾልኬ አወዛወዝኩለት። ጎንበስ ብሎ፣ ቀና ብሎ፣ በቀዳዳው አየኝ። ዐይን ለዐይን ተያየን። ባሕር መሃል ቢሆን ኖሮስ? ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አንድም ምክር አልሰጠኝም። ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14
አዲስ ቫልቭ ልገዛ ከተማ ወጣሁ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ። ፕሬበን መሰላሉ መሃል ላይ... ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ፊቱ ኖራ መስሏል።
«ምን እየሠራህ ነው?»
«እያሰብኩ።»
ስታማቲስን ጠራሁት። እየሮጠ መጥቶ ትከሻውን ከሥሩ አስገባለት፤ እኔ እግሩን እየያዝኩ በየእርከኑ አስቀመጥኩ። አወረድነው። ስታማቲስ ውሃ ሰጠው፣ ወይራ ሰጠው፣ በቋንቋው ረገመው፣ ከዚያ አማተበ።
ምሳ ላይ፦
«የፈራሁት መሰላሉን አይደለም።»
«ታዲያ?»
«ባሕሩን። እዚያ መሃል ልቤ ቀጥ ቢል... መሪውን ትይዣለሽ ወይስ እኔን?»
የዓሣዬን አጥንት ለቀምኩ። «ፈራሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15
ጠዋት ቫልቩን ራሴ ገጠምኩ። ልጃችን ዲተ ደወለች። «እማዬ፣ ሽጧትና ተገላገሉ።» ፕሬበን ሰምቷል። መሬት መሬት ያያል። «እውነቷን ነው» አለ።
ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም...
«ከዚህ ቀጥሎ እስካለው ወደብ ድረስ እኔ እወስዳታለሁ። አንተ በአውቶቡስ ና።»
«ብቻሽን?»
«ብቻዬን።»
«ወደብ አስገብተሽ አታውቂም።»
«አንተም በመጀመሪያው ቀን አታውቅም ነበር። አብሬህ ነበርኩ። የሰው ጀልባ ነው የገጨኸው።»
ሳቀ። ከዲሴምበር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ያኔውኑ ተጸጸትኩ... በማሳቄ ሳይሆን በገባሁት ቃል። በእውነት ብቻዬን?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16
ወረደች። ክሬኑ በቀበቶ አንጠልጥሎ ውሃው ላይ ሲያስቀምጣት ዘልዬ ገብቼ ውሃ ካስገባ እንዲታየኝ ቫልቩ ላይ ሶፍት ጠመጠምኩ። ቁጭ ብዬ አየሁት።
ስታማቲስ ከላይ ጮኸ፦ «ወይዘሮ ሪግሞር! እየጸለዩ ነው?»
«ሶፍት እያየሁ ነው!»
ደረቅ ነው። ደረቅ! ወጥቼ ነገርኳቸው። ፕሬበን ፊቱን አዞረ። አቧራ ገባብኝ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17
ደረስኩ።
ሸራውን ግማሽ ድረስ ብቻ ሰቀልኩ። ወደ ባሕር የወጣውን የምድር አፍንጫ ስዞር ማዕበሉ ከፍ አለ፤ መሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። የሚቆጣኝ ስላልነበረ ራሴን ተቆጣሁ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ... መዝፈን ጀመርኩ። ለማንም አልናገርም።
ፕሬበን በአውቶቡስ ቀድሞኝ ከማለዳ ጀምሮ ወደቡ ጫፍ ላይ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹን አንድ በአንድ «ነጭ ጀልባ አይታችኋል?» ሲል ነበር አሉ። ጀልባ ሁሉ ነጭ ነው።
መጀመሪያ ስቼ አለፍኩ። ዞሬ ተመለስኩ። በሁለተኛው የወደቡ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉትን ጎማዎች ገጨሁና ቆምኩ። ገመዱን ወረወርኩ፣ ቀለበው፣ አሰረው።
«በፍጥነት ነው የገባሽው።»
«አውቃለሁ።»
«ግን ገባሽ።»
ቆመ። ጀልባዋን አየ፣ ውሃውን አየ።
«ነገስ ወዴት ነሽ?»
«ማዶ ወዳለው ደሴት።»
«አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?»
«ወደ ደሴት አውቶቡስ የለም፣ ፕሬበን።»
ብዙ አሰበ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። እጄን ዘረጋሁለት፣ ያዘኝ፣ ወደ ጀልባዋ ተሻገረ።
አሁን ፊተኛዋ ክፍል ተኝቶ ያንኮራፋል። ወጥቼ ያሰረውን ገመድ አየሁት። ደህና አስሮታል።