ተማሪሽ አይደርስሽም አለች

አስካልዬ፣

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላኝ። ከላይ ከሸጫ ወደ ታች ወደ ሲቀላ ዛሬም በእግሬ እወርዳለሁ። ሽቅቡን ባጃጅ ነው የሚያወጣኝ፤ ይህን ለልጆቹ አልነግራቸውም። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል፤ ድር ማድራት ግን አላቃተኝም። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። የበቆሎ ኩርኩፋዬንም የሽፈራው ቅጠል ጨምሬ ራሴ እቀቅላለሁ፤ አንቺ ብትቀምሺው ትስቂ ነበር፣ እኔ ግን ጠግቤ አድራለሁ። ፊደሌ ቢንገዳገድ ወቀሳው ወደ አንቺ ነው፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

በሞት ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ጓሮ ያለው ማንጎ በነፋስ ወደቀ። ልጃችን ሐዋሳ ና ትለኛለች፤ መጽሐፎችሽን ለማን ትቼ ልሂድ? ምስጥ እንዳይገባባቸው በየሳምንቱ አራግፋቸዋለሁ። ከውስጣቸው ያለውን ባላውቅም ጀርባቸውን አንድ በአንድ አውቃለሁ።

ትዝ ይልሻል፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከጎጃም እኛ መንደር ኦቾሎ ድረስ መጥተሽ ሀሁ ስታስቆጥሪን? እኔ ሚስት የሌለኝ ጎልማሳ ሸማኔ ነበርኩ። ፊደሉን አውቄ እንኳ አላወቅሁም እያልኩ አስደግምሽ ነበር፤ አንቺም ነቅተሽብኝ ደግመሽ ታስቆጥሪኝ ነበር። ከተጋባን ኋላ አዲስ አበባ ሄደሽ ፍልስፍና ተማርሽ። ተመልሰሽ ዩኒቨርሲቲ ስታስተምሪ የጥንት ግሪክ ፈላስፎችሽን ቤታችን አስገባሻቸው። ስማቸው አልያዝልህ ቢለኝ አንዱን መምህሩ፣ ሌላውን ተማሪው አልኳቸው። መምህሩ እውነተኛው ነገር እዚህ የለም፣ በላይ ነው፣ እዚህ የምናየው ጥላው ነው አለ። ተማሪው፣ ሃያ ዓመት እግሩ ሥር ተቀምጦ የተማረው፣ የለም፣ እዚሁ በነገሩ ውስጥ ነው አለ።

እኔ ለመምህሩ አደላሁ። የምሸምነው የዱንጉዛ ልብስ ገና ድሩ ሳይደራ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቆ አየዋለሁ አልኩሽ። አንቺም፣ «ታዲያ እሱን ለብሰህ ገበያ ውጣ!» አልሽኝ። ሳቅሽ እስከ ጎረቤት ተሰማ። እኔም ተናድጄ፣ ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ ተማሪ ውለታ ቢስ ነው አልኩ። አንቺ ግን መምህሩን እየወደደ እውነትን ስላስቀደመ ነበር የወደድሽው።

አሁን መጽሐፍሽ ሊታተም ነው። አሰናድታ የጨረሰችው ምሕረት ናት፣ ያቺ እንደ ልጅሽ የያዝሻት ተማሪሽ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ የሞተ ሰው በልጆቹ ደስታና መከራ ይነካል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የዚያን ግሪክ ተማሪ ጽሑፍ አገላብጠሽ አገላብጠሽ፣ ይነካል፣ ጥቂትም ቢሆን ይደርሰዋል ብለሻል። ምሕረት አንዲት ቃል አልነካችብሽም። ግን በመግቢያው ላይ የራሷን ጻፈች። መምህሬ እዚህ ላይ ከጽሑፉ አልፋ ሄዳለች፣ ግሪኩ ሰውዬ ይህን ያህል አላለም አለች።

አስካልዬ፣ ምን ልበልሽ። የኔ ፓስተር ሙታን አይሰሙም ይላል፤ ያንቺ ቄስ ተዝካር አውጣ ይላል። እኔ መሃል ቆሜ የያዝኩት ያንቺን ምዕራፍ ነበር። እሱ ከሄደ ማታ ማታ ለማን ነው የማወራው? ይህ መግቢያ ካልወጣ መጽሐፉ አይታተምም አልኳት። እሷም ያለ ፈቃድዎ አላትምም፣ ያላመንኩበትንም አልጽፍም አለችኝ። ካንቺ የተማረችው ግትርነት ነው።

ያን ጊዜ እንደ አገሬ ሰው አደረግሁ፤ ሽማግሌ ላክሁባት። ነገሩ ኦቾሎ፣ በሸንጎው አደባባይ በዱቡሻው ላይ ታየ፣ አንቺ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠሽ ሸንጓቸውን ስታዳምጪ በነበርሽበት ቦታ። እኔ ተነሥቼ ከሰስኩ፤ የሩቅ አገር ሰው፣ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው፣ ለሙታን ወሬ ይደርሳል ብሏል ወይስ አላለም ይባልልኝ አልኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ሰውየው ዘመድ አለው? ይጠራ እንጂ!» አለ። ሌላው፣ «ሙግቱ ስንት ፍየል የሚያህል ነው?» አለ።

ምሕረት ተነሣች። ያንቺን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው፣ አንድም ቃል ሳታጎድል። ከኔ አሳምራ ተከራከረችልሽ። ከዚያ የራሷን ተናገረች። ደንቡ ነውና ማንም አላቋረጣት። «እንዲደርሳት እኔም እፈልጋለሁ። ስለፈለግሁ ግን ተጽፏል አልልም። እንዲህ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለች። ወደኔ ዞረችና፣ «አባባ፣ የመጀመሪያ ተማሪዋ እርስዎ ነዎት። ለመሆኑ አንድ ቀን እሺ ብለዋት ያውቃሉ?» አለችኝ።

ዱቡሻው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ስከራከርሽ ማን ውለታ ቢስ አለኝ? አንቺ ብትኖሪ ለማን ትፈርጂ እንደነበር አውቀዋለሁ። ለምለም ሳር ይዤ መረቅኋት። ይታተም አልኩ፣ መግቢያውም እንዳለ ይሁን። እኔ ግን ይደርስሻል እላለሁ፤ በመጽሐፍ ባይገኝም እላለሁ።

አሁን ዕዳዬን ልንገርሽ፤ ልጆቹ እንዲወጡልኝ አልፈልግም። ለምሕረት ጋቢ አለብኝ፣ ድሩን ጀምሬዋለሁ። ሽማግሌዎቹ የቀረውን መጽሐፍ አሰማን ብለዋል፤ ሲታተም ወጥቼ ራሴ አነብላቸዋለሁ፣ ፊደል እየቆጠርኩም ቢሆን። ያን ግሪክ ተማሪ በከንቱ ሰድቤዋለሁ፤ ዘመድ ስለሌለው ይቅርታውን ባንቺ በኩል ልኬያለሁ። አንቺን ማስታወሱን ደግሞ ለማንም አላወርስም፤ እሱን በየቀኑ፣ እስትንፋሴ እስካለ፣ እኔው ራሴ እከፍላለሁ።