ወደ ግራ ያዘነበለ አገጭ

እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመርሽ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው የምጽፍልሽ።

እዚህ ኦሮራ ያለው የመንጋጋ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ እንዳልሽው። ራጅ አነሳኝ፣ አገጬን ይዞ ግራና ቀኝ አዞረው። የማንም ሰው ፊት ሁለቱ ጎን እኩል አይደለም አለኝ። ማኘክ ካላስቸገረሽ፣ ካላመመሽ፣ ቀዶ ጥገናው የግድ አይደለም፤ መንጋጋ መቁረጥ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከንፈርሽ ሊደነዝዝ ይችላል፣ አስቢበት አለኝ። በሕፃንነቴ ከአልጋ ወድቄ ነው አልኩት፤ ሁልጊዜ እንደምትነግሪኝ። የስብራት ምልክት የለም አለ። አጥንቱ ሲያድግ ነው እንዲህ የሆነው። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ብሎ ጠየቀኝ።

የለም አልኩ።

በ15 ቁጥር አውቶቡስ የኮልፋክስን ጎዳና ይዤ ስመለስ መስኮቱ ላይ ፊቴን አየሁት። መስታወት ፊት ስቆም "ሂጂ ከዚያ፣ ምንም አልጎደለሽ" ስትይኝ ነው ያደግኩት። ቀዶ ጥገና የሚለው ቃል ከአፍሽ የወጣው መቼ ነው? ሞንትቤሎ ሰፈር ወዳለው ቸርቻችን አንድ ሽማግሌ አገልጋይ ከአዲስ አበባ መጡ፣ ሲስቁ እኔን ይመስላሉ ብዬ በቀለድኩ ማግስት።

ያን ቀን አልሳቅሽም። ከዚያ "ሀይለማርያም እስከ መቼ ነው እዚያ የሚቆየው?" አልሽኝ።

ስማቸውን አልነገርኩሽም ነበር።

የቀረውን ልንገርሽ። እሳቸው ዘንድ ለጸሎት ተሰልፈን ጓደኛዬ ሔርሜላ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ "አንቺ ጉደኛ፣ አባትሽ ሲመጡ እንኳ አትነግሪንም?" አለች። አባዬን ቀብረናል አልኳት። ደነገጠች፤ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያም ሽማግሌውን ደግማ አየቻቸው። እኔም አየሁ። ሲናገሩ አገጫቸው ወደ ግራ ይሄዳል።

ተራዬ ሲደርስ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። የአባዬን ስም ነገርኳቸው። "እናትሽስ?" ያንቺን ስም ስጠራ እጃቸው ከራሴ ላይ ተነሳ። ገና አሜን ሳይባል።

ምናልባት እኔ ነኝ ክፉ የማስበው። ምናልባት ስለ ፊቴ ብቻ አዝነሽ ነው።

የቀዶ ጥገናውን ቀጠሮ ሰርዤዋለሁ። ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት እሑድ አብረን ፎቶ እንድንነሳ ጠይቄያቸው እሺ አሉ። ልጅ ሆኜ "በቀኝሽ ዙሪ" እያልሽ ነበር የምታስነሺኝ። ይሄን ግን ፊት ለፊት ነው የምነሳው። እልክልሻለሁ።

ጌታ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ልብሽንም።

ያንቺ መሆኗን የማትጠራጠር፣
ልጅሽ