ሺፋና የእድሩ ጎላ ድስት

ለወንድሜ ለሙደሲር፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነህ? ቢልቂስስ እንዴት ናት? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ያ የመድፍ ድምፅ አዲግራት ላይ ቀነሰላችሁ ወይስ አሁንም ውሏችሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ከልደታ ጭቃና ከልጅህ ከሺፋ ክርክር በቀር ደህና ነን።

ካልለመደች መልሺልኝ ብለህ ስለጻፍክ ሁሉንም ልንገርህ። ሺፋ የመጣች ዕለት ገና ጫማዋን ሳታወልቅ መድፍ ሲመጣ የምንደበቅበት ጉድጓድ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እዚህ ጓሮ የለም፣ ቤት ከቤት ተጣብቀን ነው የምንኖረው ብላት ሰፈሩን ስትገመግም ዋለች። የኔን ግድግዳ በጣቷ ቆርቁራ ጭቃ ነው ብላ ጣለችው። የጎረቤቴን የእማማ ወለተሰንበትን ቆርቆሮ ቤትማ ቀና ብላም አላየችው። የልደታ ማርያም ግንብ ብቻ ፈተናውን አለፈ፤ እሱም ሩቅ ነው ተባለ። ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም።

የእድራችን ዕቃ ጠባቂ እኔ መሆኔን ታውቃለህ። አንድ ቀን ጓዳዬ ገብታ ትልቁን ጎላ ድስት አገኘችልህ! ከዚያ ወዲህ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሄሊኮፕተር በተነሳ ቁጥር ዘላ እሱ ውስጥ ናት፣ ክዳኑንም ከላይ። መብላትም ጀመረች። ውላ አድራ የግቢውን ልጆች ሁሉ አስለመደች፤ ጦርነትን በሬዲዮ ብቻ የሚያውቀው የእማማ የልጅ ልጅ ዮፍታሔ እንኳን ተራ ይዞ ይገባል። እኔም እስቃለሁ። ግን አልዋሽህም፣ ክዳኑን ሳነሳ ጥርሷ ሲንገጫገጭ አይቼ አልቅሻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የእድራችን አባል አረፉና ዳኛችን ጋሽ ደገፋ ጎላውን ሊወስዱ መጡ። ሺፋ ውስጡ ቁጭ ብላለች! አልወጣም አለች። ጋሽ ደገፋ መነጽራቸውን አድርገው የእድሩን ደንብ ከአንቀጽ አንድ ጀምረው አነበቡላት፤ እሷ ምን ገዷት! እኔ ድስቱን ከነጠቅናት እንደገና እህል ትተዋለች ብዬ ፈራሁ። በስንት ልመና፣ አብራው ሄዳ ራሷ ልትመልሰው ተስማማች። ተሸካሚዎቹን ቀስ በሉ እያለች ከፊት ከፊት መራቻቸው።

ድንኳኑ ሰው ጢም ብሎ ሳለ ሄሊኮፕተሩ መጣ። ሺፋ ዞራ ድስቱን ብታየው ንፍሮ ሞልቶበታል። እኔ ደግሞ ወዲያ ማዶ ነበርኩ። ምን ታድርግ፣ ለቀስተኛው መሃል ሽሉክ ብላ ገብታ የእማማ ወለተሰንበት ጋቢ ስር ተወሸቀች። ድምፁ ሲያልፍ አንገቷን ብቅ አድርጋ ንፍሮ ጠየቀች። ወላሂ ሦስት ጊዜ አስጨመረች! ለቀስተኛው ሳቁን በነጠላው ሲያፍን ነበር፣ ሟቹ ይቅር ይበሉን።

አሁንም ሰማዩን ታያለች፤ ግን ድምፅ ስትሰማ ሰው ወዳለበት ትሮጣለች እንጂ ድስቱ ውስጥ አትገባም። ስለዚህ ልጅቷን አልመልስም፤ ጦርነቱ ይለቅና ራስህ መጥተህ ውሰዳት።

ለቢልቂስ፣ ልጅሽ ወፍራለች በላት። የእማዬን ጉልበት ሳሙልኝ ብላለች ሺፋ፤ እኔም ስሜያለሁ። ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ሰላም በልልኝ። ለአንተ ደግሞ ሺፋ ይህን ጻፊልኝ ብላ እጄን ይዛ ቆማለች፦ አባዬ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን እንዳይቀመጥ፣ ሰው መሃል ይግባ።

እህትህ ቀመሪያ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.