የለቅሶ ሜዳችንን ላሳመሩልን ለአቶ ብሥራት

ከዘንገና ሐይቅ ዳር
ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ክቡር አቶ ብሥራት አድማሴ ሆይ፣

ከሐይቁ በላይ ያለው ሜዳችን በሽቦ እንዲታጠር የፈረሙት እርስዎ ነዎትና፣ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ጽፌ ክብርዎን ልቀንስ አልፈለግሁም። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ ቢሮዎ ደጃፍ ለምትቆመው መኪናም ደኅንነት እመኛለሁ። ለእናትዎ ለእመት ውብአየሁ ግን እንደ ሌላው ሰው ጤና ብቻ ተመኝቼ ማለፍ አልቻልሁም። ከአልጋ ከዋሉ ከርመዋል፤ በየሳምንቱ እየገባሁ ስለምጠይቃቸው እሳቸው ራሳቸው የሚመኙት ሌላ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። የሚመኙት የሞቱ ዕለት በዚያ ሜዳ ላይ እንዲለቀስላቸው ነው። ደብዳቤዬም ስለዚሁ ነው።

ይህ ደብዳቤ በየግድግዳው ስለሚለጠፍ፣ ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ እታለማሁ ነኝ፤ ከዘንገና እስከ እንጅባራ ለቅሶ በወጣበት ሁሉ ሙሾ የማወርድ ሴት። ፊደል የቆጠርሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ እጄ ቶሎ አይሄድም። ቀድሞ አቤቱታዬን የሚጽፍልኝ ሰው ነበረ፤ እሱ ግን ለባለሥልጣን ሲሆን ብሶቴን እየዘለለ ምስጋናዬን ብቻ ያሰፍርልኝ ነበር። ዛሬ ሁለቱንም በገዛ እጄ እጽፋለሁ፤ ስለዚህ ምስጋናዬ ወዴት እንዳለ ለማግኘት ቢቸገሩ ይታገሡኝ።

ሜዳው ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፤ የሐይቅ ዳር ቤት የገዙት ሰዎች ግን ላያውቁት ይችላሉና ልንገራቸው። ለቅሶ በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበታል። ሰው የሞተ ጊዜ ደግሞ፣ አስከሬኑ በቤተ ክርስቲያን ካረፈ በኋላ፣ በሠልስቱ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት፣ የሟቹ ፈረስ ኮርቻው ባዶ ሆኖ የሚዞርበት፣ ቤት የማይችለውን ሐዘን አውጥተን የምናፈስበት ቦታ ነው። ማንም ለማንም አልሰጠውም፣ ማንም ከማንም አልገዛውም ነበር፤ እርስዎ በወረዳችን ላይ እስኪሾሙ ድረስ።

አንደኛ፣ ስለ ቤቶቹ አመሰግናለሁ። መሬቱን ከእርስዎ የተረከቡት ባለሀብት በሐይቁ አፋፍ ላይ ያቆሟቸው ቤቶች መስኮታቸው ከእኛ በር ይበልጣል። ባለቤቶቹ አደይ ሲፈነዳ ይመጣሉ፣ በጋውን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ይመላለሳሉ፣ ሰኔ ላይ ብርቱው ዝናብ ሲጀምር ግን ቆልፈው ይሄዳሉ። እኔ ቤት የሚሠራው ዝናብና ብርድ ስላለ ይመስለኝ ነበር፤ ዝናብና ብርድ ሲመጣ ጥለውት የሚሄዱት ቤትም እንዳለ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ክረምቱን ይኸነው የሚባለው የጎረቤቴ ልጅ ዘበኛ ሆኖ፣ ላስቲክ ደርቦ፣ ባዶውን ቤት ይጠብቃል፤ የእሱ ቤት ደግሞ በሚስቱና በሕፃኑ ላይ ያፈስሳል። ይኸነው ጎጆ መውጫ መሬት ጠይቆ የተሰጠው መልስ የቀረ መሬት የለም የሚል ነበርና፣ መልሱ እውነት መሆኑን አሁን በየቀኑ እየዞረ ያረጋግጣል።

በመንገዱ ዳር የቆመውን ትልቁን ማስታወቂያም ሳላመሰግን አላልፍም። ተፈጥሮ፣ ጸጥታና የሐይቅ እይታ ይላል። ሥዕሉ ላይ ሐይቁ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ቀለም የተቀባ ቤት አለ፣ ሁለት ፈረሶችም አሉ። ሰው የለም። ማንበብ ከቻልሁ ወዲህ ካነበብሁት ሁሉ ማንም ሳያስረዳኝ የገባኝ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መንገዱ። በበጋ ምንጩ ሲነጥፍ ከብቶቻችን ወደ ሐይቁ ይወርዱበት የነበረው መንገድ አሁን የእንግዶች መዝናኛ ሆኗል። እንግዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ በዐቢይ ጾም ከአዲስ ቅዳም ከተማ በመጣ ከሰል ሥጋ ይጠብሳሉ፤ ሽታውም እስከ ቅዳሴው ድረስ ይሸኘናል። ከብቶቹ ዙሪያውን ይሄዳሉ። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ ከብት ዙሪያውንም ቢሆን ሄዶ ይጠጣል። የሞተ ሰው ግን ዙሪያውን የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ባለቤቴ ስለ ክንዴ ለቅሶ። ክንዴ ያረፈው ባለፈው የካቲት፣ ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። በሠልስቱ ለቅሶውን ወደ ሜዳው ልናወጣ ብንሄድ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። ይኸነው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ ያለ ፈቃድ እንዳይከፍት መታዘዙን ነገረን። እኔ አልተቆጣሁትም፤ እሱም የክንዴን ሬሳ ተሸክሞ የቀበረ ነው። ሽማግሌዎች ወደ እርስዎ ተላኩ፤ እርስዎም ወዲያው ለመዝናኛው ሥራ አስኪያጅ ደውለው አስፈቀዱልን። አባቶቻችን ሳያስፈቅዱ ሲያለቅሱበት የኖሩትን ሜዳ ለግማሽ ቀን ያህል ስላዋሱን ውለታዎን አልረሳም። ፈቃዱ እንዲያ የቀለለበትን ምክንያት ግን አልነገሩንም። በእንጅባራ የፈረስ በዓሉ ጥር ላይ ያመለጣቸው እንግዶች ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጁም ሌላ የፈረስ ትርኢት አለ ብሎ ቃል ገብቶላቸው ኖሯል።

የክንዴን ዳማ ፈረስ ጭነን፣ ግላሱን አልብሰን፣ ጋሻውን ከኮርቻው ላይ አስረን ስንገባ እንግዶቹ በተርታ ተቀምጠው ጠበቁን። ጥላ ተዘርግቶላቸው ነበር፣ ጠርሙስም ይዘዋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስለነበር መጀመሪያ ለቀስተኞች መስለውኝ፣ ከሩቅ አገር ወንበራቸውን ይዘው መጡልን ብዬ መርቄያቸዋለሁ። ሙሾውን በአዊኛ ጀመርሁ፤ ክንዴና እኔ ቤታችን የምንነጋገረው በአዊኛ ነበርና። ፈረሱ ባዶውን ኮርቻ ይዞ ሲዞር፣ ወንዶቹ ወይኔ ወንድሜ እያሉ ሲከተሉት፣ ከወንበሮቹ በኩል ጭብጨባ ተነሣ።

በእኛ ለቅሶ ሙሾ አውራጇን ድገሚው የማለት መብት ያለው የሟች ወገን ብቻ ነው። ግጥሙ አንጀቱን የነካው ሐዘንተኛ ድገሚው ሲለኝ አልደግምም ብዬ አላውቅም፤ የሚባልም አይደለም። ይህን ክቡርነትዎ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል፤ የአባትዎ የአቶ አድማሴ ለቅሶ በዚያው ሜዳ ላይ ሲወጣ መሬቱን እየደበደቡ ደጋግመው ያስደገሙኝ እርስዎ ነበሩ። በክንዴ ለቅሶ ግን ሥራ አስኪያጁ ወደ መሐል ገባና፣ ትከሻዬን በትሕትና ነካ አድርጎ፣ እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ ካሜራው አልያዘውም። እስቲ ከመጀመሪያው ይድገሙልን፤ ቢቻል በአማርኛ።»

ደገምሁት። ዕድሜውን ሙሉ ድገሚ ሲባል ሲደግም የኖረ አፍ ስለሆነ ልቤ ሳይሰማ አፌ ታዘዘ። ከኋላዬ የነበሩት ሴቶችም እኔን ተከትለው ደገሙት፤ ወንዶቹም ፈረሱን መልሰው አዞሩት። የባሌን ሞት ለካሜራ በአማርኛ ተረጎምሁለት። ሲያበቃ አንዲት እንግዳ መጥታ፣ መልካም ሴት ትመስላለች፣ በጣም ቆንጆ እንደነበረ ነገረችኝና ደግሞ መቼ እንደሚኖር ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ያውቃል አልኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሾ ልጀምር ስል ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ሰዎች የባሏ ሐዘን ነው ብለው ያዝኑልኛል። የባሌ ሐዘን አይደለም፤ የባሌን ሐዘን እችለው ነበር። አፌን በከፈትሁ ቁጥር የዚያ ሰው እጅ ትከሻዬ ላይ ያረፈ እየመሰለኝ ነው።

አራተኛው ስለ እናትዎ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቁጥር የለኝም።

ሜዳው ራሱ ለሁለተኛው ዙር ቤቶች ተሸንሽኖ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ለገዢዎች እንደሚከፋፈል የሰማሁ ዕለት ቢሮዎ መጣሁ። ሲያዩኝ ከመቀመጫዎ ተነሡ፣ ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻይ አስመጡልኝ፤ የደግ ሰዎች ልጅ መሆንዎ አሁንም ያስታውቃል። እናትዎ ለቅሶዬን ሜዳ አውጪልኝ ብለው እንደለመኑኝ ነገርሁዎ። እርስዎም በጥሞና አዳምጠው፣ ለዚህ ጉዳይ አስቀድመው እንዳሰቡበት፣ ቀኑ ሲደርስ የመዝናኛው አዳራሽ ከነድምፅ ማጉያው በነፃ እንደሚሰጥ፣ ዝናብ ቢጥል እንኳ ማንም እንደማይርስ አስረዱኝ። ሐሳቡን እንዳልወደድሁት ከፊቴ ዐውቀው፣ ፈገግ ብለው ጨመሩልኝ፦

«እትዬ እታለማሁ፣ ለቅሶም እኮ ባህላችን ነው። ባህል ደግሞ ቢታይ ምን ነውር አለው?»

ነውሩን ማስረዳት ስላቃተኝ ሻይዎን ጠጥቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬም ቃሉን እየፈለግሁለት ነው፤ ማንበብና መጻፍ ስማር ይህን የሚያስረዳ ቃል ከፊደሉ ውስጥ አገኛለሁ ብዬ ነበር።

እመት ውብአየሁ ሜዳው መታጠሩን አያውቁም። ሽቦው የተዘረጋው እሳቸው ከአልጋ ከዋሉ በኋላ ነው፤ እኛም ጎረቤቶቻቸው ተማክረን ደበቅናቸው። የክንዴንም ለቅሶ በደንብ እንደወጣ ነው የነገርናቸው። ይህ ደብዳቤ በየግድግዳው ቢለጠፍም እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ የሚያነብላቸውም ጨካኝ በመንደራችን የለም። በገባሁ ቁጥር እጄን ይዘው የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦

«እታለም፣ ቤት ውስጥ አፍነሽ እንዳታስቀሪኝ። ሜዳ አውጪኝ፤ አድማሴን ካወጣሽበት።»

ፈረስ ይጫንልኝ አላሉም፣ ድግስም አላዘዙም። ከዚያ ሜዳው ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁኛል። ለምለም ነው እላቸዋለሁ። ሐሰት አልተናገርሁም፤ በበጋው በቧንቧ ያጠጡታልና እንደ ዘንድሮ ለምልሞ አያውቅም። እሳቸው ግን ከብቱ ጠግቦ ሲገባ እየታያቸው ደስ ይላቸዋል። እኔም ደስታቸውን አይቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ፤ ከእናትዎ ቤት ጀርባ ቆሜ ፊቴን ሳልጠርግ ወደ ቤቴ የሄድሁበት ቀን የለም።

ክቡር አቶ ብሥራት፣ አሁን ፌዙን ትቼ ልለምንዎ። ቤቶቹን ያፍርሱ አላልሁም፤ ቆመዋል፣ ይቁሙ። ጀልባውም ይንሳፈፍ፣ እንግዶቹም ይምጡ፤ አየሩ ለእነሱም መልካም ነው። ሜዳውን ብቻ ይተዉልን። ገና ችካል አልተተከለበትም፣ መሠረት አልተቆፈረበትም፤ በፈረሙበት እጅ ሊያስቆሙት የሚችሉት አሁን ነው፣ ከሰኔ በኋላ ግን እርስዎም ቢፈልጉ አይችሉም። እናትዎ ትንፋሻቸው እያጠረ ነው፤ ትናንት ውኃ በማንኪያ ነው የወሰዱት። እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ድምፄም ከድቶኛል፤ የቀረኝ ለአንዲት አሮጊት የሰጠሁት ቃል ብቻ ነው። በሕይወቴ ቃሌን ያጠፍሁበት ሟች የለም። የመጀመሪያዋ የእርስዎ እናት እንዲሆኑ አያድርጉብኝ። ሽቦው ከተነሣ ድምፄ ይመለሳል አይመለስ አላውቅም፤ ባይመለስ እንኳ እዚያ ሣር ላይ ቁጭ ብዬ ዝም እልላቸዋለሁ፤ ዝምታውም በሜዳው ላይ ቢሆን ለእሳቸው ይበቃቸዋል።

ለልማታችን ከሚደክሙበት ውድ ጊዜዎ ላይ ይህን ያህል ስለወሰድሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ሥልጣንዎ እንደ ቤቶቹ ክረምትን ሳይፈራ እንዲከርም እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞዋ ሙሾ አውራጅ፣ የአሁኗ ትርኢት አቅራቢ፣
እታለማሁ፣ የሟቹ የክንዴ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለቀብር እድራችን
ለሐይቅ ዳር ቤቶች ባለንብረቶች፣ ዝናቡ ሳይጀምርና ሳይሄዱ ይደርሳቸው ዘንድ በአጥሩ ላይ የሚንጠለጠል

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እንደ ልማዴ እናትዎ ዘንድ እገባለሁ። ሽቦው እስከዚያ ከተነሣ ይህን ደብዳቤ ከየግድግዳው የማነሣው እኔ ራሴ ነኝ። ካልተነሣ ግን፣ ስለ ሜዳው ሲጠይቁኝ፣ ምን እንደሆነና ማን እንዳጠረው እጃቸውን እንደያዝሁ እነግራቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልሁት ለእርስዎ ብዬ ሳይሆን ለእሳቸው ብዬ ነው፤ ልጃቸውን ክፉ ሳያውቁት ቢሄዱ ይሻላል ብዬ። አሁን ግን የሌለ ሜዳ እየጠበቁ እንዲሞቱ ማድረጉ ከዚያ የባሰ ሆኖ ታየኝ። ከእንግዲህ ለምለም ነው አልላቸውም።