ሰማይ አይታይም

ግንቦት 3
ስፌት ቤት አልሄድኩም። የኔ ተራ ነው፤ ከአባዬ ጋር ዋልኩ። ስትሮኩ ቃሉን ሁሉ ወስዶ አንድ ብቻ ተወለት... ክዳን። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት በቆርቆሮ ሲከድን የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊቀረው ኖሯል? ሲጠማውም ክዳን፣ ሲቆጣም ክዳን።

ግንቦት 9
ጠዋት ጠዋት ይብስበታል። በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ "ክዳን? ክዳን?" ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ገፋው። ታናሽ ወንድሜ የድስት ክዳን አምጥቶ "ይኸው አባዬ!" አለ። ሳቅን። አባዬ አለቀሰ። ምን ዓይነት ልጆች ነን?

ግንቦት 16
ጋሽ መዶሻ ሊጠይቀው መጣ፤ ጣሪያ ላይ አብሮት ያረጀ ባልደረባው። ገና ሳይቀመጥ አባዬ "ክዳን?" አለው። ጋሽ መዶሻ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ "ሰማይ አይታይም!" ብሎ ጮኸ። አባዬ እፎይ አለ፤ እንቅልፍ ወሰደው።

"ምንድነው እሱ ጋሼ?"

"አታውቂም እንዴ ልጄ? የመጨረሻውን ቆርቆሮ ሲመታ ከላይ 'ክዳን?' ይላል። አንዳችን ቤት ገብተን በሩን ዘግተን እናያለን። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ከሌለ መልሱ ይኸው ነው። እሱን ሳይሰማ ሞቶ አይወርድም!"

ለካ እየጠየቀን ነው... የሚመልስለት አጥቶ ከርሟል።

ግንቦት 17
"ክዳን?"
"ሰማይ አይታይም፣ አባዬ!"
ባልታመመው የፊቱ ወገን ፈገግ አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ግንቦት 28
ጠዋት ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። እጄን ይዞ ብዙ አየኝ። ከሰዓት በኋላ ዐረፈ።

ሰኔ 12
ለቀስተኛው ሄዶ አለቀ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ፣ እንደሱ በጀርባዬ። ኮርኒስ የለንም። "ክዳን ካልታየ ጉዱ አይታወቅም" እያለ ከልክሎን። ቀና ብዬ ሳይ... ከትራሱ ትይዩ የምስማር ቀዳዳ። ከሌላ ቦታ ሲያዩት የጣሪያው እንጨት ይከልለዋል። ሰማይ ቁልጭ ብሎ ይታያል!

እያየው ነበር የሚጠይቀኝ። ስዋሸው እያወቀ ፈገግ ይልልኝ ነበር። ወይኔ አባዬ...

ወንድሜን ጠራሁት። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን ደፈነው። እኔ ከውስጥ በሩን ዘጋሁ። ብርሃኑ ጠፋ።

"ክዳን?" አለ ከላይ። ድምፁ ቁርጥ የአባዬ!

አሁንማ እውነት ነው፤ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። "ክዳን?" ደገመው። እንባዬን እስክውጥ ወንድሜ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።